የጠባቡ ድልድይ ሰባተኛ ገጽ

የድልድዩ ፋይል ለአራተኛ ጊዜ ተመልሶ መጣ። መሐንዲሷ በእሱ የተነሳ እግሯ እስኪቀጥን ከቢሮ ቢሮ ተመላልሳለች። ሁለት መኪና ጎን ለጎን የማያሳልፈውን አሮጌ ድልድይ አፍርሶ፣ በግራና በቀኝ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ያለው ሰፊ ድልድይ ለመሥራት ንድፉ አልቋል፤ የአፈር ምርመራው አልቋል፤ እሷም አልቃለች።

"አሁን ደግሞ ምን ጎደለው?" አለች በስልክ።

"ሰባተኛው ገጽ" አለ አለቃዋ። "በድልድዩ ላይ የደረሰ አደጋ በቀጥታ የሚመለከተው ሰው በእጁ ጽፎ የሚፈርምበት። ዛሬ እስከ አስር ሰዓት ካልገባ ድልድዩ ከዕቅድ ይወጣል። መቼ እንደሚመለስ እኔም አላውቅልሽም።"

ሰው ፍለጋ መንከራተት አላስፈለጋትም። ድልድዩን የሚያውቅ ሁሉ ጋሼ ስፖኪዮን ያውቃል። ሽማግሌው ከጠዋት እስከ ማታ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመው፣ በአንድ እጃቸው መኪና እያስቆሙ በሌላው እግረኛ ያሻግራሉ። ለመጣው የጭነት መኪና ሁሉ "ስፖኪዮ እጠፍ!" ይላሉ። ሾፌሩ ሰምቶ እንዳልሰማ ከሆነ፣ ራሳቸው ሄደው የጎን መስታወቱን ያጥፉበታል። ይህን ሥራ የሰጣቸው የለም። ስሙን ያወጡላቸው ግን ሾፌሮቹ ናቸው።

ታሪኩን ያጫወተቻት፣ ገና ለልኬት በመጣች ሰሞን፣ ድልድዩ ጥግ ያለችው ባለ ኪዮስክ ነበረች።

"ብስክሌት የምትነዳ ልጅ ናት እዚህ የሞተችው፤ አስራ አንድ ዓመቷ። የመኪና ስፖኪዮ ትከሻዋን መታት። እኔ እንኳ ያኔ አልነበርኩም፤ ቤተሰቦቿ ሰፈሩን ጥለው ሄዱ አሉ። በሦስተኛው ዓመት እሳቸው ብቻቸውን በእግራቸው መጡ። ይኸው ስምንት ዓመት፣ መኪና ሲሳፈሩ አላየሁም። አባት አይደሉ፣ አንጀታቸው እንዴት ይቻለው?"

መሐንዲሷ ያን ቀን አልቅሳለች። ብስክሌት ግዢልኝ ብላ የምትነዘንዛት ሴት ልጅ ቤት አለቻት።

ዛሬ ስትደርስ ጋሼ ስፖኪዮ አንድ የጭነት መኪና እያሳለፉ ነው።

"መሪህን ግማሽ ወደ ግራ... ተው፣ አትቸኩል፤ የኋላ ጎማህ ራሱ ይከተልሃል" ይላሉ። መኪናው ግንቡን ሳይነካ ወጣ። ስምንት ዓመት ቆሞ ያየ ሰው ምን የማይለምደው አለ?

"ጋሼ፣ አንድ ወረቀት ብቻ ነው የቀረን" አለች ወደ ኪዮስኩ ጥላ እየወሰደቻቸው። "እርስዎ ከፈረሙ ድልድዩ ይሠራል።"

ወረቀቱን አነበቡት። እስከ ታች ድረስ ወርደው እንደገና ወደ ላይ ተመለሱ።

"እኔ አይሆንልኝም። ሌላ ሰው ፈልጊ፣ ልጄ።"

"ከእርስዎ በላይ ማንን ይመለከታል?"

ሰዓቷን አየች፤ ስምንት ከሩብ ሆኗል። ወገቧ ተቆርጧል፤ ቁርስ እንኳ አልበላችም። አንድ መጥፎ ሐሳብ መጣባት፦ ድልድዩ ከሰፋ እሳቸው ሥራ ይፈታሉ።

"እንዲፈርስ አይፈልጉም ማለት ነው?" አለች ሳታስበው። "እዚህ ቆሞ መመስገኑን ለመዱት?"

ከአፏ እንደወጣ ጸጸታት። ሽማግሌው ግን አልተቆጡም።

"እንዲፈርስ ያልተመኘሁበት ቀን የለም" አሉ። "ግን ይሄን ወረቀት ሰው ያነበዋል።"

"ማን ያነበዋል ብለው ነው! ጸሐፊዋ ማኅተም ትመታበታለች፣ መደርደሪያ ይገባል፣ በቃ።"

"አንቺስ?"

"እኔማ አነበዋለሁ።"

ጋሼ ስፖኪዮ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ድልድዩ ላይ ተክለው፣ "ልጅቷ ጥግ ይዛ ነበር የምትሄደው" አሉ። "ጥፋት የለባትም። እሱን ጻፊልኝ።"

አባት ለልጁ መሟገቱ ነው፣ አለች በልቧ። "እኔ መጻፍ አልችልም፣ ጋሼ። ራስዎ ነዎት የሚጽፉት።"

በዚህ መሃል ቦርሳ ያዘለች ተማሪ ብስክሌቷን እየገፋች መጣች። ሽማግሌው ከጥላው ወጥተው የሚመጣውን መኪና አስቆሙ፤ በእሷና በመንገዱ መካከል ሆነው እስከ ማዶ ሸኟት። ሲመለሱ ትንፋሻቸው ተቆራርጧል፤ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ባለ ኪዮስኳ ውሃ ይዛ ወጣች። "አይዞዎት አባታችን" ብትላቸው፣ እንደ ወትሮው ብርጭቆውን ሳይነኩ መለሱላት።

"እኔ ስወድቅ ይቺን ማን ያሻግራታል?" አሉ ለማንም ሳይሆን። ቀጥለው እጃቸውን ዘረጉ። "እስክሪብቶሽን አምጪ።"

የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ረጅም ጊዜ ጻፉ። ጨርሰው ወረቀቱን ለሁለት አጠፉት፤ ሰጧትና ፊቷን ሳያዩ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

"ጋሼ! ነፍሷን ይማርልዎት!" አለቻቸው ከኋላ።

አልዞሩም።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ቢሮ ደረሰች። ጸሐፊዋ አንድ ባዶ መስመር ካገኘች ፋይሉን ለአምስተኛ ጊዜ እንደምትመልስባት ስለምታውቅ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ወረቀቱን ዘረጋችው። ስም ተሞልቷል። ዕድሜ ተሞልቷል። ፊርማው አለ። "ከሟች ጋር ያለዎት ግንኙነት" ከሚለው ትይዩ፣ በማይንቀጠቀጥ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

"የገጨኋት እኔ ነኝ።"