የጥሩሐረግ ሳንባ

የራጅ ባለሙያዋ ሰርካለም ከሰቆጣ ወደ ዋግ ዝቋላ ጤና ኬላ ስትወርድ መሣሪያዋ በአንድ በቅሎ ተጭኖ መጣ። የተለመደው ራጅ ኤሌክትሮን የሚያወጣው ሽቦ አግሎ ነው። የዚህኛው ግን ከካርቦን የተፈተለ ቀጭን ክር ነው፤ ክሩ ሳይግል ኃይለኛ ቮልቴጅ ኤሌክትሮኑን ከጫፉ ጎትቶ ያወጣዋል። ስለዚህ ባትሪ ይበቃዋል።

ይህን ለሽማግሌው ለአቶ ካሤ ብታስረዳ፣ «ሳይነድ ምን ያበስላል?» አሏት። ያን ጊዜ ጠላቻቸው።

ሽማግሌው ይዘው የመጡት የሟች ልጃቸውን ሚስት ጥሩሐረግን ነው። ባሏ በስደት ከሞተ ወዲህ ትስላለች። ጥቁር አዝሙድ በማር ቢያስልሷት፣ ጠበል ቢያስጠምቋት ሳሉ አልለቃት አለ። አሁን ቁርጡን ፈልገዋል።

«ታማ እንደሆነ ወደ አባቷ ቤት ትመለስ» አሉ። «በሽተኛ ደጄ አይውልም።»

ሰርካለም ነገሩ የገባት መሰላት። መበለት አስወጥቶ መሬቷን የሚጠቀልል ዘመድ ስንቱን አይታለች። የሽማግሌው ታናሽ ልጅ ሸጌ ፀጉሩን አዲስ ተከርክሞ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ወራሹ ይኼ ነው ብላ እሱንም ጠመደችው።

ጥሩሐረግ አልነሣም ብላ አንገራገረች። አቶ ካሤ ክንዷን ይዘው ወደ ውስጥ ገፏት፤ ሰርካለም በሩን በፊታቸው ዘጋችው።

ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ጥሩሐረግ ትንፋሿን ውጣ ቆመች። ሥዕሉ ጥርት ብሎ ወጣ።

«እቴ፣ ውጤቱን ለእኔ ብቻ ንገሪኝ» አለቻት።

ደንቡም እንደዚያ ነበር። ሰርካለም ግን የሽማግሌውን አፍ ሳታስይዝ መሄድ አልፈለገችም። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«አባባ፣ ምራትዎ እንደ ብረት ናት። ሳንባዋ ላይ አንዲት ነቁጥ የለም። አሁን በምን ያባርሯታል?»

ጥሩሐረግ ከኋላዋ እስክትጎብጥ ሳለች።

«ይኼ ጉንፋን ነው፤ ያልፋል» አለች ሰርካለም፣ ድሏን ላለማስነካት።

አቶ ካሤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው አማተቡ።

«ተመስገን። በል ሸጌ፣ የወንድምህ ሚስት እንግዲህ ያንተ ናት። ሠርጉ እሑድ ነው።»

ጥሩሐረግ መሳሏን ተወችው።