አስራ ሁለት ስህተት

«ከቀራራው ጀርባ» ብላ ታነባለች ሚጡ፤ ጣቷ ከቃሉ ስር ፈቀቅ አትልም።

«ከተራራው» ነው የሚለው። ምንም ሳልናገር በእርሳሴ ሰባተኛዋን ጭረት አሰምራለሁ። በፈተና ጊዜ ማረም የለም፤ መቁጠር ብቻ ነው።

የተቀመጥነው ክፍሉ ጥግ፣ መስኮቱ ስር ያለችው ክብ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሃምሳ ሁለት ተማሪዎች አሉኝ። ሁሉንም በአንድ ገጽ መንዳት እንደማያዋጣ ሲገባኝ እንደ ንባባቸው አራት ቡድን አድርጌ ከፈልኳቸው። በየተራ ወደ ክቧ ጠረጴዛ እጠራቸዋለሁ፤ የቀሩት በየዴስካቸው ያነባሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይቆነጣጠጣሉ። ማንም ኋላ ቀር ነኝ ብሎ እንዳያፍር ለቡድኖቹ የአበባ ስም አወጣሁላቸው። በሁለተኛው ቀን ነቁብኝ። የመጨረሻውን ቡድን «አዝጋሚዎቹ» ይሉታል።

ሚጡ ከአዝጋሚዎቹ አንዷ ናት። ዛሬ ሦስተኛ ፈተናዋ ነው። ከአስር በላይ የሳተ ልጅ ክፍል ይድገም የሚለው ቅጽ በወሩ መጨረሻ ለርዕሰ መምህሩ ይገባል። ቅጾቹን ከወረቀቶቼ ስር ሸሽጌአቸዋለሁ፤ ስም ብቻ ጽፌ ሌላውን ለመሙላት እጄ እንቢ ብሎኛል።

«ጨረስኩ» ትለኛለች።

አስራ ሁለት።

ወረቀቷን ከሌሎቹ ጋር ልደርብ ስል ዓይኔ ከስሩ ባለው ላይ ያርፋል። ልክ ከእሷ በፊት ያነበበችው የዴስክ ጓደኛዋ፣ የድምቡሼ ነው። እሱም አስራ ሁለት። «ተራራው» ላይ አንድ ጭረት። «ቀበሮዋ» ላይ አንድ ጭረት፤ «ተበሮዋ» ብላ ነበር። አምስተኛውን መስመር ድምቡሼ ዘላዋለች፤ ሚጡም ዘላዋለች። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አደርጋቸዋለሁ። አንድ ጭረት እንኳ ዝንፍ አይልም።

መጀመሪያ የመጣልኝ ኩረጃ ነው። ግን ስህተት የሚኮርጅ ማን አለ? ድምቡሼ ስታነብ ሚጡ ተራዋን እየጠበቀች ከኋላዋ ቆማ ነበር። አንዴ ሰምቶ አስራ ሁለቱንም ስህተት በየቦታቸው ለመድገም፣ ትክክለኛውን ቃል አንድ በአንድ አጥርቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

«ሚጡዬ፣ እስቲ ጠጋ በይ።»

ትጠጋለች።

«ይቺ ማን ናት?» ጣቴን «ተ» ላይ አደርጋለሁ።

ወደ መስኮቱ ታያለች።

«ታውቂያታለሽ አይደል?»

አንገቷን ትደፋለች። «ማለፍ አልፈልግም እኮ፣ ቲቸር።»

«ክፍል ትደግሚያለሽ።»

«አውቃለሁ። አብረን ነው የምንደግመው።» ድምጿን ትቀንሳለች። «ድምቡሼ ሲያቅታት ልጆቹ ይስቁባታል። እርስዎ ወደ ሰሌዳው ዞር ሲሉ ነው። ከዚያ ያወቀችውም ይጠፋባታል። እኔ ካለሁ ግን በጠረጴዛው ስር እግሯን እረግጥላታለሁ። አንዴ ከሆነ ‹ተ›፣ ሁለቴ ከሆነ ‹ቀ›።»

ሦስት ወር ሙሉ «ድምቡሼ እየተሻላት ነው» እያልኩ ማስታወሻዬ ላይ ስጽፍ ከርሜአለሁ። ከቡድኑ ጋር አንብባ ብቻዋን ስትፈተን ስትወድቅ፣ ፈሪ ስለሆነች ነው ብዬ ነበር። ሳቅ ይመጣብኛል።

«በይ አሁን እንደምታውቂው አንብቢልኝ።»

ወደ ዴስካቸው ዞር ብላ ጓደኛዋን ታያለች። «ቀስ ብዬ ላንብብ? እንዳትሰማኝ።»

ጆሮዬ ስር ተጠግታ በሹክሹክታ ታነባለች። አንድም አትስትም። አራት ነጥቡ ላይ ታርፋለች፤ ጥያቄው ላይ ድምጿን ከፍ ልታደርግ ትልና ትዝ ሲላት መልሳ ትውጠዋለች። እንዲህ የሚያነብ ልጅ ከአንደኛው ቡድን እንኳ ሁለት ቢገኝ ነው።

ቀና ስል ድምቡሼ አጠገባችን ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላየሁም።

«ከቡድናችን ልትሄድ ነው?» ትጠይቀኛለች።

«የትም አልሄድም!» ትላለች ሚጡ።

«ሂጂ።» ድምቡሼ ፊቷን ቅጭም ታደርጋለች። «እግሬን አሳመምሽው እኮ። ማታ እናቴ ምን ሆነሽ ነው ትለኛለች።»

ሚጡ ሳታስበው ትስቃለች። ሳቋ ሳያልቅ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ድምቡሼ ግን አታያትም፤ የምታየው እኔን ነው።

«ያለ እሷ ማንበብ እችላለሁ ወይ?»

ልዋሽላት እችል ነበር። «ዛሬ አትችዪም» እላታለሁ። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ እኔ አጠገብ ትቀመጫለሽ። እስኪመጣልሽ እንጠብቃለን፤ ሁላችንም። መሳቅ የፈለገ በእኔ ይሳቅ፤ ሦስት ወር ሙሉ ሳላይ የቀረሁት እኔ ነኝ።»

እሺ በሚል ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች።

የሚጡን ቅጽ ቀድጄ ኪሴ እከታለሁ። የድምቡሼን ሳልሞላ ከወረቀቶቼ ስር እመልሰዋለሁ። ለወሩ መጨረሻ ሦስት ሳምንት ይቀረናል።

ሚጡ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ አንደኛው ቡድን ትሄዳለች። ልጆቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ይለቁላታል። እኔም የመጨረሻውን ቡድን ወደ ክቧ ጠረጴዛ እጠራለሁ። ወንበር እየጎተቱ፣ እየተጋፉ ይመጣሉ።

ድምቡሼ እኔ ባልኳት ቦታ ከመቀመጧ በፊት ወደ ዴስኳ ተመልሳ ቦርሳዋን ታመጣለች። ከጎኗ ባዶ በቀረው በሚጡ ወንበር ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ማንጠልጠያው መሬት እንዳይነካ እጥፍ አድርጋ። አንዱ ልጅ ሊቀመጥበት ይመጣና ቦርሳውን አይቶ፣ ከዚያም እሷን አይቶ፣ ሌላ ወንበር ይፈልጋል።