ከኮሪደር ሲሰማ

አቀናባሪው ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሎ ትርፏን ክፍል ስቱዲዮ ካደረጋት ወዲህ ሚስቱን በጎሪጥ ነው የሚያያት። ዘፈኑን ከፍቶ፣ የድምፁን ሚዛን ከራቅ ብሎ ለማዳመጥ ወደ ኮሪደር በወጣ ቁጥር፣ ሲመለስ የዘፋኟ ድምፅ እሱ ከተወው ከፍ ብሎ ያገኘዋል። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ከሚስቱ በቀር ሰው የለም። ዛሬ ደግሞ ዘፋኟ ከምሳ በፊት መጥታ ትሰማለች፤ ካልጣማት ሥራውን ይዛ ሌላ አቀናባሪ ጋ መሄዷ ነው።

«አንቺ ነሽ የነካካሽው?»

«ያንተን ማሽን ከምነካ የጎረቤቱን ውሻ ጅራት ብጎትት ይሻለኛል» አለች ሚስቱ።

«እስቲ እናያለን» አለና ዘፈኑን አስጀምሮ ወጣ፤ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። እሷንም እጇን ይዞ ኮሪደሩ ላይ አጠገቡ አቆማት።

«ታስሬያለሁ በለኛ!»

ዘፈኑ መሃል ላይ ቆመ። ወደ ኋላ ተመልሶ ያንኑ ስንኝ እንደገና ጀመረ፤ የዘፋኟም ድምፅ ቀስ እያለ ከፍ አለ። እውነት ለመናገር፣ አማረበት። አቀናባሪው የሚስቱን እጅ ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

ከተቆለፈው ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና፣ «አሁንስ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።