የእባብ እግር

ብርዛፍ ተሰፍቶ ባለቀ ሸሚዝ ላይ ከራሷ አንድ ጥልፍ ጣል ብታደርግበት፣ ቻይናዊው አለቃዋ ሚስተር ሉ አየውና በአገሩ ቋንቋ አንድ ነገር ተናግሮ ሳቀ። ሰው ሁሉ ተኝቶም ከጆሮው የማያወልቀው አስተርጓሚ መሣሪያ ግን እንደ ልማዱ ፍሬ ነገሩን ብቻ አቀበላት፦ «ያለቀ ነገር ላይ ጨመርሽ።»

«ታዲያ ይኼ ምኑ ያስቃል?» አለችው።

ሉ በጠመኔ ጨርቁ ላይ እባብ ሳለ፤ አሳምሮ ከጨረሰ በኋላ እግር ቀጠለለት። «እኛ አገር እንዲህ ነው የምንለው።» ብርዛፍ በሳቅ ፍርስ አለች።

ማታ ራት ላይ ባሏ ሽመክት በልኩ የጣፈጠ ወጥ ላይ ጨው ሊነሰንስ ሲል አላስቻላትም። «ኧረ ለእባቡ እግር አትቀጥልለት!»

«እሺ፣ አልጨምርም» አለና ጨዉን መለሰው። ፈገግ እንኳ አላለም።

ለካ አስተርጓሚው የእኛኑ አማርኛም አጥቦ ፍሬ ነገሩን ብቻ ነው የሚያቀብለው! እጇን ሰዳ አስተርጓሚውን ከጆሮው ነቀለችለት። «ሆዴ፣ በል ብላ።»

ሽመክት የጠቀለለውን እንጀራ እንደያዘ ቀረ። «ምን አልሽኝ?»

«ሆዴ። ሁልጊዜ ስጠራህ እንደዚያው አይደል?»

«እኔ ጋ የሚደርሰው ‹ባለቤቴ› ነው።» እጁን ወደ ጆሮዋ ላከ። «ቆይ፣ እኔስ ምን እያልኩ እንደምጠራሽ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»