ስምንቱ ጽጌረዳዎች

ሊቪዩ መንገዱን ሊሻገር አንድ እግሩን ከጠርዙ አውርዶ ቆመ። በክንዱ ያቀፈውን አበባ በጣቱ እየነካ ቆጠረ፤ አላምን ብሎ እንደገና ቆጠረ። ስምንት።

"ምነው?" አለው አብሮት የቆመው አርቪድ።

ሊቪዩ ሦስተኛ ጊዜ ቆጠረ። ፊቱ እስከ ጆሮው ቀልቷል። እንግዲህ ሊቪዩ በተወለደበት በዚያ አገር አበባ ለሕያው ሰው ሲሰጥ ቁጥሩ ጎዶሎ ነው፤ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት። ቁጥሩ ጥንድ ሆኖ የታሰረ አበባ የሚሄደው ሬሳ ሣጥን ላይ ነው። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ ለመምህሩ አበባ የያዘ ሕፃን እንኳ መንገድ ላይ አንዷ ብትሰበርበት ሌላዋን ነቅሎ ይጥላል። ዕድሜዋን በአበባ ባልዲ መካከል ፈጅታ አሁን ይህን የሸጠችለት ሴት ተሳሳተች ማለትማ ዘበት ነው።

አቀባበሏ ደግሞ የእናት ነበር። ደንበኞቿ እትዬ ቬታ የሚሏት ይህች ሻጭ፣ ሊቪዩ ገና አፉን ሲከፍት በአነጋገሩ የዚህችው ከተማ የክሉዥ ልጅ መሆኑን ለይታ የኛው ነህ ለካ ብላው ነበር። የት እንደጠፋ ጠየቀችው፤ ተምሮ እንደጨረሰ ስዊድን እንደሄደና እዚያው እንደቀረ ነገራት። ትልልቆቹን ጽጌረዳዎች እየመረጠች ለሚስትህ ነው ወይ አለችው። ለባሌ ነው፣ ልደቱ ነው፣ ያውና እዚያ ቆሟል ብሎ አርቪድን በአገጩ አሳያት። ከዚያ በኋላ ዝም ብላ አሰረች፣ ዝም ብላ ሪባኑን ቋጠረች፣ ሰጠችው። እሱም ዝምታዋን እንደ እፍረት ቆጥሮ፣ ቀስ በቀስ ይለምዱታል ብሎ ሄደ።

አሁን ነገሩን ለአርቪድ አስረዳው። አርቪድ የዋህ ሰው ነው፤ አበባውን አየት አድርጎ፣ "መርቃልን ይሆናላ" አለ።

"መርቃልን?" ሊቪዩ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የሳቅ አልነበረም። "ቀብራህ ነው እንጂ።"

አርቪድ ክንዱን ይዞ ለመነው። ልደቱ የኔ፣ አበባውም የኔ፣ እኔ ካልከፋኝ ምን አስጨነቀህ፣ ይልቅ ርቦኛል እንሂድ አለው። ሊቪዩ ግን እንዴት ይሂድ? ወደዚህ ከተማ እንምጣ ብሎ ዓመት ሙሉ የወተወተው እሱ ነው። አርቪድ ሲያመነታ፣ ተማሪ የሞላበት አገር ነው፣ በየማዕዘኑ ሙዚቃ ነው፣ እጅህን ይዤ ነው የማዞርህ ብሎ ምሎለታል። ያኔ ተማሪ ሳለ በዚሁ ጎዳና ወንድ በመውደዱ የሚወረወርበትን ስድብ እንደ መራራ መድኃኒት እየዋጠ፣ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚያልፈው። ዛሬም ውጦት ካለፈ መሐላው ውሸት ሊሆን ነው። ከዚያም የባሰው፣ ያ አንገት ደፊ ልጅ እስከ ዛሬ እሱው ራሱ ሊሆን ነው።

"አንተን ባይከፋህ እኔን ከፍቶኛል" አለና ተመለሰ።

ሰሞኑ የምረቃ ነውና ተማሪዎቹ ባለ ቀለም ሪባን በትከሻቸው አጥልቀው ለመምህሮቻቸው አበባ ሊገዙ ተሰልፈዋል። ሊቪዩ ሰልፉን ይቅርታ እየጠየቀ አልፎ እቅፉን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረው።

"እትዬ ቬታ፣ ማን ሞቶብን ነው?" አለ፣ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ።

"ምን ማለትህ ነው ልጄ?"

"ይቁጠሩት።"

አልቆጠረችም። ሰው ቆሞ እየጠበቃት መሆኑን አሳየችው፤ ገንዘብህን እንካ፣ ሌላ ጋ ግዛ አለችው። ገንዘብ አልጠየቅሁም አላት። ከፊት የቆመች ተመራቂ አንገቷን አስግጋ በዓይኗ ቆጠረችና፣ ውይ እትዬ፣ ስምንት ነው እኮ አለች። ከኋላዋ አንዱ ጎረምሳ፣ እትዬ አርጅተዋል፣ ልደትና ቀብር ተምታቶባቸው ነው ብሎ ቀለደ፤ ሰልፉም ሳቀ። ቀልዱ ለሷ የተከፈተ በር ነበር። አዎ ልጆቼ አርጅቻለሁ ብትል ነገሩ እዚያው ባለቀ።

እትዬ ቬታ ግን ኩሩ ናት። "አላረጀሁም" አለች። "ቆጥሬ ነው የሰጠሁት። ሁለት ወንድ ተጋባ ሲባል ለኔ ለቅሶ ነው።"

ሳቁ ቆመ። ሊቪዩ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ።

"እኔ ቤት ለቅሶ የለም" አለ። "ባሌ ያውና፤ ዛሬ ሃምሳ ዓመቱ ነው፣ ደህና ነው፣ ርቦታልም። የሕያው ሰው አበባ ይስጡኝ። አንዷን ይጨምሩ ወይ አንዷን ያውጡ፣ በገዛ እጅዎ።"

እሷ ፊቷን አዞረች። እሱ አልተንቀሳቀሰም። ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ቶሎ በል አላለውም፤ ሰው ሁሉ የሚያየው እሷን ነበር። በመጨረሻ እትዬ ቬታ እቅፉን ወደ ራሷ ሳበችና አንዷን ጽጌረዳ እንደ ጥርስ ነቀለቻት።

ሊቪዩ ሰባቱን ወሰደ። አላመሰገናትም። ዘወር ሲል አርቪድ ተከትሎት መጥቶ ከኋላው ቆሞ አገኘው፤ አበባውን ሰጠውና እጁን ያዘው። ጥቂት እንደሄዱ እትዬ ቬታ "ቀጥሎ" ስትል ሰምቶ ዞረ።

ተመራቂዋ የታሰረላትን አበባ ተቀብላለች፤ ግን አልሄደችም። እዚያው እትዬ ቬታ ፊት ቆማ፣ ጣቷን ከአንዱ ወደ ሌላው እያዛወረች፣ ድምፅዋን አውጥታ ትቆጥራለች። ቀድመው ገዝተው ዳር የቆሙትም፣ ያ ቀልደኛ ጎረምሳ ሳይቀር፣ አንድ በአንድ ሊቆጥሩ ወደ የእቅፋቸው አጎነበሱ። እትዬ ቬታ የነቀለቻትን ጽጌረዳ ወደ ባልዲው ሳትመልስ፣ ሳትጥልም፣ በእጇ እንደያዘች ጣቶቻቸውን ታያለች።