ባርኔጣ የሌላት ፊደል

«እትዬ፣ ሱሪዬ ደረሰ?» አለ ሹፌሩ ከመጋረጃው ኋላ።

«ዚፕ ነው የምቀይረው፤ ቶሎ ቶሎ አትበለኝ። ቁጭ በል።»

ልብስ ሰፊዋ ግን ዚፕ እየቀየረች አልነበረም። ሱሪው ከነአሮጌ ዚፑ ጭኗ ላይ ተዘርግቷል፣ የስፌት መኪናው ቆሟል። በሁለት እጇ የያዘችው ስልኳን ነው።

ጎረቤት ከሞተች ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ጎረቤት ቅጽል ስሟ ነው፤ ከሃምሳ አምስት ዓመት በላይ የሆናቸው ሰዎች በሚጨዋወቱበት የስልክ ግሩፕ ውስጥ ራሷን የሰየመችው እንዲያ ብላ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያወሩ ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም። ልብስ ሰፊዋ የጎረቤት ቤት በየት በኩል እንደሆነ እንኳ በቅጡ አታውቅም። ሳሏን ግን ከሺህ ሳል መሀል ትለየዋለች።

የግሩፑ ኃላፊ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። ሰዉ ስለ ጎረቤት የጻፈውን ሁሉ ሰብስቦ ከምሳ በኋላ ማተሚያ ቤት ሊወስድ ነው፤ ለልጇ ማስታወሻ የሚሆን ትንሽ መጽሐፍ። ጠዋት ደውሎላት ነበር።

«ያንቺ ብቻ ቀረ።»

«በድምፅ ልኬልሃለሁ እኮ፣ ጋሼ።»

«ድምፅ አይታተምም፣ እመቤቴ። በቃ ሰምቼ እኔው ልጻፍልሽ።»

«እንቢ። ራሴ እጽፋለሁ።»

እንቢ ካለች እንቢ ናት። ይህችው ሴት ታዲያ ትምህርት ቤት የቆየችው ሰባት ወር ብቻ ነው። ግሩፑ ውስጥ ሁልጊዜ በድምፅ ትልካለች፤ «እጄ በሥራ ተይዟል» ትላለች፣ የግሩፑ ሰማንያ ሰው ሁሉ አምኗታል። ያላመነቻት ጎረቤት ነበረች። አንድ ሽማግሌ የሚስታቸውን ሞት የጻፉ ጊዜ፣ ልብስ ሰፊዋ ፎቶና አበባ አይታ ልደት መስሏት የሚያጨበጭቡ እጆች ላከችባቸው። ግሩፑ ሊቆጣ ሲል ጎረቤት ቀደመች። «ስልኳ ተበላሽቶ ነው፤ ለኔም ሲልክብኝ ሰንብቷል» ብላ ጻፈች። ከዚያ ለብቻዋ ደወለችላት።

«እህቴ፣ ማንበብ አትችዪም አይደል?»

ልብስ ሰፊዋ ልትዘጋባት ጣቷን አንሥታ ነበር።

«አትዝጊ። በኔ በኩል ሆድ ይፍጀው። ይልቅ መቼ እንጀምር?»

ጎረቤት በጉልበቷ ዘመን ታይፒስት ነበረች። ድሮ በጽሕፈት መኪና ፊደል እንደ ልብስ እየተገጣጠመ ነው የሚሠራው፤ እግሩ ለብቻ፣ ቀለበቱ ለብቻ። በስልክ ያስተማረቻትም እንዲያው ነው። «በ ጠረጴዛ ናት። ቀኝ እግሯን ካስረዘምሽው ባ። ደ ላይ ባርኔጣ ድፊባት፤ ይኸው ጀ ሆነች።» ዕድሜዋን ሙሉ እጅጌና ኮሌታ ስትገጥም ለኖረች ሴት ይኼ ገባት። ባርኔጣ ግን ትረሳለች። በረሳች ቁጥር ጎረቤት እየሳለች ትስቃለች፤ «ኧረ ባርኔጣዋን አልብሺያት፣ ብርድ ይመታታል።»

«እትዬ፣ ታክሲዬን ያቆምኩት ክልክል ቦታ ነው» አለ ሹፌሩ።

«እና ያለ ሱሪህ ልትነዳው ነው?»

«በመጋረጃው ቀዳዳ አይቼሻለሁ፤ እየጻፍሽ ነው። ስጪኝ፣ ባንድ ደቂቃ ልገላግልሽ።»

«መጀመሪያ ዓይንህን ከቀዳዳው አንሣ።»

ወለል ላይ የወደቀ መርፌ እንደሚፈልግ ሰው ጎንበስ ብላ፣ ፊደል በፊደል ለቀመችው። ሲያልቅ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

«ጎረቤት ወዳዴ። ፊደል ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ለማንም አልተናገርሽም። አሁን ራሴ ተናገርኩ።»

ይህን ሲያነብ ሰማንያ ሰው ምስጢሯን ያውቃል። ጣቷ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ላከችው።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። ፖስተኛው ነው፤ ድምፁ ለስልሷል።

«አነበብኩት። እኔ እንዲህ አልጻፍኩላትም» አለ። «አንዲት ነገር ብቻ። ‹ወዳዴ› ይላል፤ ወዳጄ ለማለት አይደል? ላርመው፣ ማንም አያውቅም።»

ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና አየችው። ሽን አልብሳለች። ኝን አልብሳለች። ቺን እንኳ አልረሳቻትም። አምስት ባርኔጣ በየራሱ ላይ ደፍታ የረሳችው የወዳጇን ነው። ያ ድምፅ ከነሳሉ ጆሮዋ ላይ መጣ፤ ብርድ ይመታታል።

«አለሽ?» አለ ፖስተኛው።

«አለሁ። ተዋት።»

«መጽሐፍ ላይ እኮ ነው የሚወጣው። ሰው ይስቃል።»

«ይሳቅ። ለሐዘን ባርኔጣ ይወልቃል፣ ጋሼ።»

«የምን ባርኔጣ?»

«እሷ ታውቀዋለች። እንዳትነካብኝ።»

ስልኩን የክር ጥቅል ላይ አስደገፈችና አሮጌውን ዚፕ መተርተር ያዘች። ከመጋረጃው ኋላ ያለው ሰው ስለ ሱሪው መጠየቁን ትቷል። ስልኩ ብርሃኑ እስኪጠፋ ድረስ፣ ዴ ከጎረቤት ስም አጠገብ ባዶ ራሷን ቆማ ነበር።