ሻይ ለሚካኤል ማኅበር

ጌታነህ የሚካኤልን ማኅበር በሻይ ለማስተናገድ የወሰነው ጠላ ለመጥመቅ ሞክሮ ከከሸፈበት በኋላ ነው። የጠመቀውን ቀምሶ ሁለት ቀን ሆዱን ታመመ። የተረፈውን ሲደፋው የፈላና በር ሰፈር ድመቶች መንገድ ቀየሩ።

ጠላ የምትጠምቀው ሚስቱ ሥርጉት ነበረች። ሥርጉት ሐምሌ ላይ ሞተች። የአራት ዓመት ልጃቸውን ኤደንን፣ በቁም ሳጥኑ በር ላይ የለጠፈችውን የማኅበር ተራ ዝርዝርም ትታለት ሄደች። በዝርዝሩ ላይ ከኅዳር አሥራ ሁለት ጎን ስሟ ተጽፏል።

ጌታነህ ባጃጅ ነጂ ነው። ከቀብሩ ወዲህ ማኅበር ሄዶ አያውቅም። ቦታዋን ግን ማስነጠቅ አልፈለገም። ካህኑ በየወሩ የአባላቱን ስም፣ የሞቱትንም ጨምሮ፣ እየጠሩ ይጸልያሉ። ቦታው ለሌላ ከተሰጠ ሥርጉትን በስሟ የሚጠራት የእሱ ቤት ብቻ ይሆናል። እሱ ደግሞ ስሟን አፉ ላይ ማምጣት ገና አልቻለም።

በዋዜማው ጊደር መጋላ ገበያ ወርዶ ቅመም ሻጯ ናፊያ ፊት ቆመ።

«ቀረፋ፣ ሄል፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብል፣ ከርከዴ። ከሁሉም ትንሽ ትንሽ።»

«ሰርግ ነው እንዴ?»

«ማኅበር ነው። በሻይ።»

ናፊያ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «አብሽር። ቅርንፉዱን ግን ቁጠረው፤ ለአንድ ማንቆርቆሪያ ሦስት ፍሬ። ከበዛ ጥርስ ሐኪም ቤት ይሸትብሃል።»

ቤቱ ገብቶ ስድስት ጨመረ። በዓል ነው፣ ብሎ።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነው። ያለፈው ወር አስተናጋጅ ለቀጣዩ ተረኛ የሚልከው ጽዋ እሱ ቤት አልደረሰም። ይሰብረዋል ብለው ፈርተው ነው፣ አለ። በዚያው ሳምንት ሦስት ብርጭቆ ሰብሮ ስለነበር አልፈረደባቸውም።

በበዓሉ ጠዋት የማኅበሩን ሙሴ እትዬ ለተማርያምን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አገኛቸው። አባል የሚያስገቡትም የሚያሰናብቱትም እሳቸው ናቸው።

«እትዬ፣ ስምንት ሰዓት ላይ እጠብቃችኋለሁ።»

እትዬ ለተማርያም አጠገባቸው የቆሙትን አቶ ደምሴን አዩ። አቶ ደምሴ መሬት አዩ።

«ዛሬ?» አሉ።

«ዛሬ ነዋ። ኅዳር ሚካኤል አይደል?»

«ነው እንጂ። እንመጣለን ልጄ።»

ጌታነህ ያን አተያይ ቤቱ ድረስ ይዞት ሄደ። ሊያሰናብቱት እንደሆነ ገባው።

አንድ ሰዓት ዘግይተው መጡ፤ ካህኑም፣ አሥራ አንዱ አባላትም። የእትዬ ለተማርያም ዓይን በጭስ ቀልቷል፤ እጅጌያቸው ዱቄት ነክቶታል። ለስንብት እንኳ ልብስ አልቀየሩልኝም፣ ሲል አሰበ።

በየቅመሙ ያፈላውን አራት ማንቆርቆሪያ ሻይ ደረደረ። የከርከዴውን ብርጭቆ ኤደን ቀድማ ያዘች። አቶ ደምሴ የቅርንፉዱን ፉት አሉና ጉንጫቸውን ያዙ።

«ጌታነህ፣ ይሄ ሻይ ጥርሴን አደነዘዘው። ልትነቅልልኝ ነው?»

«ለአንተ ጥርስ ደግ ነው» አሉ እትዬ ለተማርያም። «ዝም ብለህ ጠጣ።»

ጠጡ። ማንም ብርጭቆው ውስጥ አላስቀረም። ዳቦውን ግን ቁራሽ ቁራሽ ይዘው ሲያገላብጡት ቆዩ። ከዳቦ ቤት ስለተገዛ ነው፣ አለ ጌታነህ። አንዷ ሴትዮ ወደ እትዬ ለተማርያም ጆሮ ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ። እትዬ «ይቆያል፣ ምንም አይሆንም» ሲሉ ሰማቸው። እኔን ነው፣ አለ። ዛሬ ሳይሆን ነገ ሊነግሩኝ ነው።

ካህኑ ተነሥተው ስም መጥራት ጀመሩ። ሥርጉት ጋ ሲደርሱ ኤደን ጮክ ብላ «እማዬን ጠሯት!» አለች። ጌታነህ ስኳር ሊያመጣ ወጣ። ስኳሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ማንም አልነገረውም።

የሚቀጥለውን ተረኛ ሳያስታውቁ መርቀው ተነሡ። ተረኛ ሳይጠራ የተበተነ ማኅበር ሰምቶ አያውቅም። በር ላይ ቆሞ አያቸው። ወደየቤታቸው አልተበተኑም። ሁሉም፣ ካህኑ ጭምር፣ ተቻኩለው ቁልቁል ወርደው እትዬ ለተማርያም ግቢ ገቡ።

ሊሰርዙት ተሰበሰቡ ማለት ነው።

ኤደንን አቅፎ ተከተላቸው። በመንገዱ ላይ ንግግር አዘጋጀ። አማርኛው ጥሩ ነበር፤ እትዬ ለተማርያም የግቢውን በር ሲከፍቱ ግን ከንግግሩ አንድ ቃል አልቀረውም። አንገቱን ደፍቶ ጫማቸውን እያየ የመጣለትን ተናገረ።

«እትዬ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ አትሰርዙን። ሻይ ማኅበር እንደማይሆን አውቃለሁ። ለሚቀጥለው ተራዬ ጠላ እማራለሁ። እርስዎ ያስተምሩኛል። ቦታዋን ብቻ አትንሷት።»

እትዬ ለተማርያም ኤደንን ከእቅፉ ወሰዷት።

«ግባና ብላ፣ ወጡ ቀዘቀዘ። ሐዘን ላይ ነህ ብለን ያንተን ተራ ወደ ግንቦት ካዛወርነው ቆየን፤ የዛሬው የእኔ ነበር።»